በምግብ ውስጥ የቀረን መድኃኒት በብርሃን ስለ መመርመር

በ1980 ዓ.ም. በአሜሪካ የሚሠሩ ጥቂት ተመራማሪዎች፣ ከነርሱም መካከል ጆርጅ አርመላጎስ የተባለው ሊቅ፣ በሱዳን ኑብያ ከጥንት መቃብር የወጣውን የሰው አጥንት በስሱ ቈርጠው ከአጉሊ መነጽር ሥር አኑረው፣ ዓይን የማያየውን አልትራቫዮሌት የተባለውን ብርሃን ቢያበሩበት፣ ደረቁ አጥንት ከውስጡ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጸዳል እንደ ሰጠ «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት አስታወቁ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሰው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ሰዎቹ የኖሩት በ350 ዓ.ም. ገደማና ከዚያም ወዲህ፣ ማለት የአክሱሙ ንጉሥ ኢዛና ወደ ኖባና ወደ ካሱ ከዘመተበት ዘመን ብዙ ሳይርቅ ሲሆን፣ ያ ጸዳል ግን ቴትራሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ከአጥንት ካልሲየም ጋር ተጣብቆ ሲኖር የሚሰጠው ጸዳል ነበረ፤ ይህንም መድኃኒት የዘመናችን ሊቃውንት ያወቁት ገና በ1940ዎቹ ዓመታት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲነገር የሚጠራጠር መብዛቱ የማይቀር በመሆኑ፣ በ2010 ዓ.ም. ማርክ ኔልሰን የተባለ ኬሚስት አጥንቱን በብርቱ አሲድ አሟሙቶ መድኃኒቱን ራሱን ነጥሎ አወጣው። ተመራማሪዎቹ እንደሚያስረዱት፣ የኑብያ ሰዎች ከእህል ጠምቀው ይጠጡት በነበረው ጠላ መሰል መጠጥ ውስጥ ስትሬፕቶማይሲስ የተባለ የአፈር ባክቴሪያ እያደገ መድኃኒቱን ያበጅ ነበር።

እንግዲህ ከመብልና ከመጠጥ ጋር ወደ ሰውነት የገባ አንቲባዮቲክ በብርሃን ኀይል ሲገለጥ የታወቀ ጥንታዊ ማስረጃ ይህ ነው ማለት ይቻላል። ዛሬ በብዙ አገር ያሉ ኬሚስቶች የሚደክሙበት ሥራም በመሠረቱ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ እነርሱ የሚፈልጉት መድኃኒቱ ከሰው አጥንት ከመግባቱ አስቀድሞ፣ ገና በወተቱ፣ በሥጋው፣ በማሩና በዕንቍላሉ ውስጥ ሳለ እንዲገለጥ መሆኑ ነው።

መድኃኒቱ በምን መንገድ ወደ ምግብ ይገባል ቢሉ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው በሕክምና ነው። ጡቷ ያበጠባት ላም ፔኒሲሊን በጡቷ ቀዳዳ ይገባላታል፤ ሳንባዋ የታመመባት ደግሞ ቀስ እያለ የሚሠራ ኦክሲቴትራሳይክሊን በጡንቻዋ ትወጋለች፤ መድኃኒቱም ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ከደሟ፣ ከጕበቷ፣ ከኵላሊቷና ከወተቷ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በብልቃጡ ላይ የመታቀቢያ ቀን ተጽፎ ይሸጣል፤ ኦክሲቴትራሳይክሊን ለተወጋ ከብት ሥጋ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው 28 ቀን ነው። ሁለተኛው መንገድ ከሕክምና ጋር የማይገናኝ ነው። ኦሬዎማይሲን የተባለው የመጀመሪያው ቴትራሳይክሊን በ1948 ዓ.ም. ለዓለም ከተገለጠ ብዙም ሳይቈይ፣ በአሜሪካ የሌደርሌ ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩት ቶማስ ጁክስና ሮበርት ስቶክስታድ፣ መድኃኒቱ በጥቂቱ ከመኖ ጋር የተሰጣቸው ጫጩቶች ካልተሰጣቸው ይልቅ ፈጥነው እንደሚያድጉ አገኙ፤ ከዚያም በኋላ ለበሽተኛ የተሠራው መድኃኒት ለጤነኛ ከብትና ዶሮ ማወፈሪያ ሆኖ ለብዙ ዓመታት በየመኖው ተበጠበጠ። ስዊድን ይህን ልማድ በ1986 ዓ.ም. ስትከለክል የአውሮፓ ኅብረት በሙሉ የተከተላት በ2006 ዓ.ም. ነው።

በአገራችን ይበልጥ የሚያሳስበው የመጀመሪያው መንገድ ነው። የቤተ ሰቧ ቀለብና የልጆቿ የትምህርት ቤት ወጪ ከአንዲት ላም ወተት ለሚወጣ እናት፣ ላሚቱ ከተወጋች በኋላ ብዙ ቀን ሙሉ ወተቱን ድፊው ማለት ቀላል ነገር አይደለም፤ በብልቃጡ ላይ ያለውም ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። በ2012 ዓ.ም. የታተመ አንድ ጥናት ከአዲስ አበባ፣ ከደብረ ዘይትና ከናዝሬት ቄራዎች የተወሰዱ 384 የበሬ ሥጋና ኵላሊት ናሙናዎችን መርምሮ ከመቶው ሰባ በሚያህሉት ውስጥ ኦክሲቴትራሳይክሊን ተገኝቶባቸዋል ብሏል። ይህን ቍጥር የሰማ ሰው ሳይደነግጥ አስቀድሞ አንድ ነገር ሊለይ ይገባዋል፤ መገኘትና ከወሰን ማለፍ አንድ አይደሉምና።

ወሰኑም እጅግ ረቂቅ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ቴትራሳይክሊን በወተትና በሥጋ ውስጥ ከ100፣ በጕበት ከ300፣ በኵላሊት ከ600 ማይክሮግራም በኪሎ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በወተት ውስጥ ለሚገኝ ፔኒሲሊን ግን የፈቀደው 4 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ማይክሮግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ እጅ ስለ ሆነ፣ ሒሳቡን ላሰበ ሰው አንድ ግራም ፔኒሲሊን 2,500 ኩንታል ወተት ከወሰኑ አፋፍ ላይ ያደርሳል ማለት ነው፤ አንዲት የታከመች ላም የብዙ ጎረቤቶቿን ወተት ማበላሸት የምትችለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጕዳቱን በአጭሩ ለመናገር ያህል፣ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው በጥቂቱም ቢሆን ሰውነቱ ሊያብጥና ሊያሳክከው ይችላል፤ ቴትራሳይክሊን በብዛት ሲወሰድ ገና የሚያድጉትን የሕፃናት ጥርስ ያጠቍራል፤ ክሎራምፌኒኮል የተባለው አንቲባዮቲክ ደግሞ በጥቂት ሰዎች ላይ የደም መሥሪያውን መቅን እስከ ማድረቅ የሚደርስ በመሆኑና ይህም ጕዳት በመጠን ማነስ የማይከለከል ስለ ሆነ ምንም ወሰን ሳይበጅለት ለምግብ ከሚሆኑ እንስሳት ፈጽሞ ተከልክሏል። እርጎ የምታረጋ ሴት ሁሉ ልታውቀው የሚገባ ነገርም አለ፤ ወተቱን የሚያረጉት ረቂቃን ተሕዋስያን በፔኒሲሊን ፈጥነው ስለሚሞቱ፣ ዕቃው በሚገባ ታጥኖና ወተቱ ንጹሕ መስሎ እያለ እርጎው አልረጋ ያለበት ምክንያት አንዳንድ ጊዜ መርፌ ሊሆን ይችላል። ከሁሉም የሚከፋው ግን መድኃኒቱን በጥቂት በጥቂቱ እየቀመሱ የለመዱት ባክቴሪያዎች በኋላ በሙሉው መጠን አለመሞታቸው ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1945 ዓ.ም. የኖቤልን ሽልማት በተቀበለበት ንግግሩ ይህንኑ አስጠንቅቆ ነበር፤ በ2019 ዓ.ም. ብቻ መድኃኒትን በለመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በዓለም የሞተው ሰው 1.27 ሚሊዮን እንደሚሆን ተገምቷል።

በምግብ ውስጥ የሚቀረውን የመድኃኒት ቅሪት ለማወቅ እስካሁን የሚሠራባቸው መንገዶች ጥሩዎች ናቸው፤ ዳሩ ግን አንዱ ይዘገያል፣ ሁለተኛው ይወደዳል። በብዙ አገር የወተት ፋብሪካዎች የታወቀው ዴልቮቴስት የተባለው ምርመራ፣ ሙቀት የሚወድ ባክቴሪያ ከወተቱ ጋር በ64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲቈይ የሚያደርግ ነው፤ ወተቱ ንጹሕ ከሆነ ባክቴሪያው አድጎ አሲድ ስለሚያወጣ ሐምራዊው ቀለም ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ መድኃኒት ካለበት ግን ሐምራዊ እንደ ሆነ ይቀራል። ምርመራው ብልኀት ያለበት ቢሆንም ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሰዓት ያስጠብቃል፤ ወተት ደግሞ፣ በተለይ በቈላ አገር፣ ያን ያህል ሰዓት አይታገሥም። ሌላው፣ ሞለኪውሎችን በየክብደታቸው ለይቶ የሚመዝነው ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለው መሣሪያ፣ ፍርዱ የማይነቀፍ ሆኖ ሳለ ዋጋው በብዙ ሚሊዮን ብር የሚቈጠር፣ የሠለጠነ ባለሙያና የማይቋረጥ መብራት የሚሻ ስለ ሆነ ከጥቂት ከተሞች አይወጣም።

ብርሃን የሚሰጡ ጠቋሚዎች የተፈለጉት በዚህ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ ይሞላሉ በሚል ተስፋ ነው። የአሠራራቸው መሠረት ከመቶ ሰባ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው። እንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ያስተምር የነበረው ጆርጅ ስቶክስ በ1852 ዓ.ም. ለወባ በሚሰጠው በኪኒን ውሀ ላይ ባደረገው ምርመራ፣ የማይታየው ብርሃን ገብቶ የሚታይ ሰማያዊ ብርሃን ሆኖ እንደሚወጣ ገልጧል። ብርሃኑን የተቀበለው ሞለኪውል ኤሌክትሮኑ ወደ ከፍተኛ ደረጃ ይወጣል፤ ከተቀበለውም ኀይል ከፊሉን በሙቀት መልክ ከጣለ በኋላ የቀረውን መልሶ ብርሃን አድርጎ ይሰጣል፤ ስለዚህ የሚወጣው ብርሃን ከገባው ይልቅ ኀይሉ ያነሰና የሞገዱ ርዝመት የበዛ ይሆናል። ሞለኪውሉ በዚህ በተነሣበት ቅጽበት ሌላ ባዕድ ሞለኪውል ቢጠጋውና ኀይሉን ቢወስድበት ብርሃኑ ይጠፋል፤ ወይም ደግሞ የተጠጋው ባዕድ ኀይል የሚሰጠው ቢሆን ያልነበረ ብርሃን ይበራል። የጠቋሚዎቹ ሁሉ ጥበብ በእነዚህ በሁለቱ፣ በመጥፋትና በመብራት ላይ የቆመ ነው።

በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚደነቀው ዩሮፒየም የተባለው ብርቅ ማዕድን ከቴትራሳይክሊን ጋር ያለው ዝምድና ነው። ዩሮፒየምን በ1901 ዓ.ም. ያገኘው ኤዠን አናቶል ደማርሴ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት ሲሆን፣ የዩሮ የብር ኖቶች በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታዩ ከሚሰጡት ኅብረ ቀለም ውስጥ ቀዩ የዚህ ማዕድን ሥራ መሆኑን ሆላንዳውያን ተመራማሪዎች አመልክተዋል። ዩሮፒየም የሚያወጣው ቀይ ብርሃን፣ የሞገዱ ርዝመት 615 ናኖሜትር ገደማ የሆነው፣ ጠባብና ጥርት ያለ ስለ ሆነ ከሌላ ብርሃን ጋር አይምታታም፤ ነገር ግን ማዕድኑ ብቻውን ሲሆን ብርሃን የመቀበል ችሎታው እጅግ ደካማ በመሆኑ ቢያበሩበትም በጨለማ እንዳለ ይቀራል። ቴትራሳይክሊን ግን ለሐምራዊ የሚቀርበውን ብርሃን በብዛት ይጠጣል፤ ከዩሮፒየምም ጋር አጥብቆ የሚያስይዘው ክንድ በተፈጥሮው አለው። ሁለቱ ሲገናኙ መድኃኒቱ እንደ አንቴና ሆኖ የተቀበለውን ኀይል ለማዕድኑ ያስረክባል፣ ማዕድኑም በቀይ ያበራል፤ ይህ የኀይል ርክክብ በ1942 ዓ.ም. ሳሙኤል ዋይስማን በተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት የተገለጠ ነው። በዚህም መሠረት መብራቱን የሚለኵሰው የሚፈለገው ሰራቂ ራሱ ነው፤ መድኃኒት ከሌለ ብርሃን የለም፣ መድኃኒቱ በበዛ መጠን ቀይነቱ ይበረታል። ሲፕሮፍሎክሳሲን ለተባለው አንቲባዮቲክና ለዘመዶቹም ተርቢየም የተባለው ሌላው ማዕድን በአረንጓዴ ብርሃን ይኸንኑ ያደርጋል።

ሆኖም ዩሮፒየም አንድ ጠላት አለው፤ ውሀ ነው። የውሀ ሞለኪውሎች ከማዕድኑ ጋር ሲጣበቁ በሚያደርጉት መንቀጥቀጥ ኀይሉን በሙቀት አባክነው ብርሃኑን ያደክሙበታል፤ ወተትም ከመቶው ሰማንያ ሰባት የሚሆነው ውሀ ነው። ለዚህ መድኃኒት የሆነው የብረትና ኦርጋኒክ ማዕቀፍ የሚባለው አዲስ ዓይነት ቁስ ነው፤ ይኸውም የማዕድን አቶሞች በካርባን ሞለኪውሎች እየተያያዙ፣ እንደ ማር እንጀራ በረድፍ በረድፍ ባዶ ክፍሎች ያሉት ረቂቅ ሕንጻ ሆኖ የሚሠራ ነው። የዚህ ቁስ አንድ ግራም በውስጡ ያለው ገጽ ቢዘረጋ ጥቂት ሺህ ካሬ ሜትር ይሆናል። የዚህ ጥበብ አባቶች የሆኑት ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ ሪቻርድ ሮብሰንና በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን ከፍልስጤም ስደተኞች የተወለደው ኦማር ያጊ በ2025 ዓ.ም. የኬሚስትሪውን ኖቤል ተካፍለዋል። ዩሮፒየም በማዕቀፉ ውስጥ ሲቀመጥ ከውሀው በከፊል ይጠበቃል፤ በክፍሎቹም በር በኩል የሚገባው መድኃኒት ከማዕድኑ አጠገብ ይሰበሰባል።

ከማዕቀፎቹ መካከል አብዛኞቹ የሚሠሩት ግን በማብራት ሳይሆን በመጥፋት ነው። ለምሳሌ የቤይጂንግ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ዓ.ም. ከዚርኮኒየም የሠሯቸው ሁለት ማዕቀፎች በውሀ ውስጥ ናይትሮፉራን የተባሉት አንቲባዮቲኮች ሲገቡባቸው ብርሃናቸው ይደክማል፤ ናይትሮፉራኖች ኤሌክትሮን ለመቀበል የተራቡ ስለ ሆኑ ብርሃን ሊሆን የነበረውን ኀይል ይነጥቃሉና። ሥራው ግሩም ነው፤ ቍሱም በውሀ የማይፈርስ በመሆኑ ብዙ ተመስግኗል። ነገር ግን ከውሀ ወደ ምግብ እንሻገር ያልን እንደ ሆነ አንድ መሰናክል አለ። ናይትሮፉራን በእንስሳው አካል ውስጥ በጥቂት ሰዓት ተለውጦ ከሥጋው ፕሮቲን ጋር የተሳሰረ ሌላ ነገር ስለሚሆን፣ የምግብ ተቈጣጣሪ የሚፈልገው ዋናውን መድኃኒት ሳይሆን ይህን የተለወጠ ቅሪቱን ነው፤ እንግዲህ ዋናውን መድኃኒት ብቻ የሚያውቅ ጠቋሚ በዓሣ ኵሬ ውሀ ላይ ቢያገለግልም በዶሮ ሥጋ ፊት ዝም ይላል። እንዲህ ያለውን ልዩነት ሳያነሡ «በምግብ ውስጥ ያለን መድኃኒት ለይቶ ያውቃል» ብለው የሚጽፉ ብዙዎች ናቸውና አንባቢ ቢጠነቀቅ አይጐዳም።

ሁለተኛም፣ መጥፋት ደካማ ምስክር ነው። ብርሃን የሚጠፋው መድኃኒት ስለ ገባ ብቻ አይደለም፤ መብራቱ ስላረጀ፣ ቍሱ ስለ ፈረሰ፣ ወተቱ ስለ ወፈረ፣ ወይም ሌላ ቀለም ያለው ነገር ብርሃኑን አስቀድሞ ስለ ጠጣው ሊጠፋ ይችላል። ይህን ያዩ ሊቃውንት በአንድ ቍስ ውስጥ ሁለት ብርሃን ማኖርን አስበዋል፤ ሰማያዊው ሲደክም ቀዩ ይበረታልና፣ የሚለካው የአንዱ ብርታት ሳይሆን የሁለቱ ንጽጽር ይሆናል፣ መብራቱ ቢያረጅ ሁለቱንም እኩል ስለሚያደክማቸው ንጽጽራቸውን አያዛባውም። ቀለሙ ከሰማያዊ በወይን ጠጅ አልፎ ወደ ቀይ ሲሄድ ያልተማረ ዓይንም ይለየዋል።

ወተት ራሱ ግን ለዚህ ሥራ አስቸጋሪ ፍጥረት ነው። በውስጡ ያለው ሪቦፍላቪን የተባለው ቪታሚን አልትራቫዮሌት ሲያርፍበት በራሱ ቢጫና አረንጓዴ ያበራል፤ የቅባቱ ጠብታዎች ብርሃኑን በየአቅጣጫው ይበትኑታል፤ ካልሲየሙም፣ በኑብያው አጥንት እንዳየነው፣ ቴትራሳይክሊንን ይዞ ከዩሮፒየም ጋር ይሻማዋል። ለዚህ የሚደረገው አንዱ መላ ወተቱን በአሲድ ቈራርጦ ፕሮቲኑን ከቅባቱ ጋር መጣልና ጥርት ያለውን አጓት መመርመር ነው። ሌላው መላ ግን ከዚህ የረቀቀ ነው። የሪቦፍላቪን ብርሃን መብራቱ ከጠፋ በኋላ በጥቂት ናኖሰከንድ፣ ማለት በሰከንድ ቢሊዮንኛ ክፍል ሲከስም፣ የዩሮፒየም ብርሃን ብዙ መቶ ማይክሮሰከንድ፣ ይኸውም መቶ ሺህ እጥፍ ያህል ይቈያል፤ ስለዚህ መሣሪያው መብራቱን ለቅጽበት ብልጭ አድርጎ ካጠፋ በኋላ፣ የወተቱ የራሱ ብርሃን እስኪሞት ታግሦ ዓይኑን ቢከፍት፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ የሚያየው የዩሮፒየምን ብርሃን ብቻ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው የኤሌክትሮኒክ ዕቃ ዛሬ ውድ አለመሆኑ ተስፋዬን ያበረታዋል።

በብዙ ጥናት ውስጥ ይህን ሁሉ በእጅ ስልክ ካሜራ ለማንበብ የሚደረገውን ሙከራ ግን በጥርጣሬ ነው የማየው። የስልክ ካሜራ ሥዕል ሲያሳምር የኖረ በመሆኑ ጨለማውን በራሱ ፈቃድ ያበራል፣ ቀለሙንም ያርማል፤ ጥቍር ሣጥን ካልተበጀለትና ይህ ልማዱ ካልተዘጋበት የዛሬው ንባቡ ከነገው አይስማማም። ከፍራፍሬ ጭማቂና ከቅጠል በሙቀት የሚሠሩት፣ በ2004 ዓ.ም. በአጋጣሚ የተገኙት የካርባን ነጥቦች የሚባሉት ብርሃን ሰጪ ረቂቃን ቅንጣቶች፣ ርካሽነታቸው ቢያስመሰግናቸውም አብዛኛውን ጊዜ በመጥፋት ስለሚሠሩ ከላይ ያልኩት ነቀፋ ያገኛቸዋል። ፔኒሲሊን ደግሞ በራሱ የማያበራ፣ ዩሮፒየምንም የማይለኵስ ስለ ሆነ፣ እርሱን የሚይዙ ፕሮቲኖች ወይም ፀረ አካላት የግድ ያስፈልጉታል፤ እነዚህ በወረቀት ላይ ተቀብተው፣ ቀድሞ በወርቅ ቅንጣት ይለዩ የነበሩት ሰረዞች አሁን በዩሮፒየም ቅንጣት ሲበሩ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ መልስ ይሰጣሉ።

እንዲህ ያለው ጠቋሚ ስፍራው የት ነው ቢባል፣ ከላቦራቶሪ ይልቅ ወተት የሚሰበሰብበት በር ላይ ነው። በአሜሪካ ሕግ እያንዳንዱ የወተት ቦቴ ከመራገፉ በፊት ለፔኒሲሊንና ለዘመዶቹ ይመረመራል፤ ቅሪት ቢገኝበት ወተቱ በሙሉ ለሰው ምግብ እንዳይሆን ይደረግና፣ ከእያንዳንዱ ገበሬ አስቀድሞ ተወስዶ በተቀመጠው ናሙና ጥፋተኛው ይለያል። በእኛ አገር በወተት መሰብሰቢያ ጣቢያዎች ወተቱ በአልኮል ተፈትኖ፣ ክብደቱም በላክቶሜትር ተለክቶ ውሀ ያልተጨመረበት መሆኑ ሲረጋገጥ ከሌላው ጋር ይቀላቀላል፤ መድኃኒት ያለበት ወተት ግን በሁለቱም ፈተና በሰላም ያልፋል። በዚያች ከመቀላቀል በፊት ባለችው ደቂቃ፣ ከአልኮሉ ብልቃጥ ጎን ሦስተኛ ፈተና ቢኖር፣ የአንዲት ሴት ሁለት ሊትር ወተት ብቻ ተለይቶ ይመለሳል። ብርሃን የታየበት ናሙና ግን ለጊዜው ተጠርጣሪ እንጂ የተፈረደበት አይደለም፤ በዚያ ውዱ ማስ ስፔክትሮሜትር ተመዝኖ እስኪረጋገጥ ድረስ ባለወተቷን ከማኅበሯ የሚያስወጣ ቅጣት ሊከተለው አይገባም።

ከዚህ ለመድረስ የሚጐድለው ነገር የታወቀ ነው። እስካሁን ከታተሙት ጥናቶች ብዙዎቹ የተሠሩት ከሱቅ በተገዛ ወተት ላይ የታወቀ መጠን ያለው መድኃኒት ሆን ተብሎ እየተጨመረበት ነው፤ በዚህ መልክ የገባ መድኃኒት ደግሞ ከላሚቱ ጡት ከወጣው ይልቅ ከወተቱ ጋር ያነሰ ይተሳሰራል፣ የጡት ሕመም ያለባትም ላም ወተት ደምና መግል ስለሚቀላቀለው ከሱቁ ወተት ጋር አይመሳሰልም። ጠቋሚውን ሠራሁ የሚል ሁሉ ከተወጋችው ላም ጠዋትና ማታ ከሚታለበው ወተት ናሙና እየወሰደ፣ መታቀቢያው እስኪያልቅ ድረስ ቀን በቀን በጠቋሚውም በማስ ስፔክትሮሜትሩም እየለካ ንባባቸውን ጎን ለጎን ቢያሳየን፣ ያን ጊዜ በበሩ ላይ ይቁም ወይስ አይቁም ብሎ መወሰን ይቻላል።